ለጨዋታ የሚሻለው ወር

ከባለቤቴ ከታምሩ ጋር አብረን ያደረግነው የመጨረሻው ተራ ነገር አናናስ መብላት ነበር። እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ እልጣለሁ፤ እሱ መሃል ያለውን ጠንካራውን እየለየ ይበላል። ጉልበቱ ላይ ከግድግዳ ያወረደውን የቀን መቁጠሪያ ዘርግቷል። እሱ በዲላ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ክፍል ይሠራ ነበር። ጌምና አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን የሚወዱ ተማሪዎች ከይርጋጨፌም ከሐዋሳም ቢጤዎቻቸውን ጠርተው፣ እንደሚወዷቸው ገጸ ባሕርያት ለብሰው የሚወዳደሩበት ትልቅ ስብሰባ አስበዋል። ወሩን እንዲመርጥላቸው ለእሱ ትተውለታል።

«ሰኔ» አለ። «ፈተና ያልቃል፣ አዳራሹም ባዶ ነው።»

«ጥር ይሻላል» አልኩት። «ሰኔ ዝናብ ነው፣ መብራት ይጠፋል። ያን ሁሉ ልብስ ሰፍተው ጭቃ ላይ ሊጎትቱት ነው?»

«ጥር የሠርግ ወር ነው። አዳራሽ ማን ይሰጠናል?» ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ እውነቱን ተናገሪ። ጉሙን እስካሁን ትፈሪያለሽ።»

እፈራለሁ። እኔና ታምሩ ያደግነው ዲላ አጠገብ፣ ጪጩ ውስጥ፣ አጥር ለአጥር ነው። የዚያ ዘመን ልጅ የሆናችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ጨዋታ ሁሉ ወቅት ነበረው። ጅራፍ ከቡሄ በፊት አይጮኽም። ብይ መሬቱ ደርቆ ጠንከር ሲል ነው። የእኛ ሰፈር ትልቁ ጨዋታ ደግሞ የቡናው ለቀማ ሲያልቅ ነበር። ከአጥራችን ማዶ የአባባ ጅግሶ የቡናና የእንሰት ማሳ አለ። ቡናው ቀይ ሆኖ ሳለ ወደዚያ ዝር አንልም። የመጨረሻው ፍሬ ወርዶ፣ የቡናው ገለፈት ጎምዛዛ ሽታ ሰፈሩን ሲሞላው ግን ሽማግሌው ራሳቸው አጥሩ ጋ መጥተው «በሉ ግቡ» ይሉናል። ይኼን ወሬ ማን እንደሚያደርስ አላውቅም፤ ከወናጎ ሳይቀር ልጆች በእግራቸው ይመጡ ነበር። አንዱ ብዩን በካልሲ ቋጥሮ፣ ሌላዋ ሱዚዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ። ፀሐዩ ደረቅ ነው፤ በቡናው ቅርንጫፍ መካከል ወዲያ ማዶ ድረስ ይታያል። ተማሪዎቹ ሊያደርጉ ያሰቡት ነገር ሲነገረኝ እንግዳ ያልሆነብኝ ለዚህ ነው።

አንድ ዓመት ግን በጋውን አልጠበቅንም። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ታምሩን ወላጆቹ ሐዋሳ ወዳለችው አክስቱ ሊልኩት ወሰኑ። ጨዋታው በጥር ነው ስንለው «ጥር እኔ የለሁም» አለ። ስለዚህ የሰፈሩ ልጆች ተጠራርተን በሰኔ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሳንጠየቅ ማሳው ውስጥ ገባን።

ኩኩሉ ነበር የምንጫወተው። ፈላጊዋ እኔ ነኝ። ግንባሬን ማሳው መሃል ባለው ዋንዛ ግንድ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ግንዱ ርጥብ ነው፣ የሻጋታ ሽታ አለው። «ኩኩሉ» ስል «አልነጋም» ይሉኛል፤ ሳቃቸው ከእንሰቱ ቅጠል ሥር ይሰማኛል። በመጨረሻ «ነጋ» አሉ። ዓይኔን ስገልጥ ግን ጉሙ ከደጋው ከቡሌ በኩል ወርዶ ማሳውን ሸፍኖታል። የራሴን እጅ እንኳ የማየው አስጠግቼ ነው። ከጨዋታው ይልቅ ፍርሃቱ በልጦብኝ በየስማቸው ጠራኋቸው፤ እነሱም ፈርተው ነበር መሰለኝ አንድ በአንድ እየወጡ ዋንዛው ሥር ተሰበሰቡ። ታምሩም መጥቶ የሹራቤን እጅጌ ያዘ። የቀረ ልጅ አልነበረም።

ከመካከላችን ለቀልድ አንዱ እንደገና «ኩኩሉ» ብሎ ጮኸ።

«አልነጋም» አለ ከእንሰቱ ውስጥ አንድ ድምፅ። የታምሩ ድምፅ ነበር። ቃሉን መጨረሻ ላይ ሳብ የሚያደርጋት ነገር እንኳ ሳትቀር። ሁላችንም ዞረን ታምሩን አየነው። አፉ ግጥም ብሏል። «እኔ አይደለሁም» አለኝ በሹክሹክታ፤ እጅጌዬንም አልለቀቀም።

ያ የጮኸው ልጅ ደግሞ ሊጣራ አፉን ሲከፍት አባባ ጅግሶ ከየት እንደመጡ ሳናይ በመዳፋቸው ሸፈኑት። አልተቆጡም። «ሁለተኛ አትጥሩት» አሉ ቀስ ብለው። «ጉም የሰው ድምፅ ይዋሳል። በበጋ የሚመልስላችሁን ታዩታላችሁ። ጨዋታ ለበጋ የተተወው ለዚህ ነው።» ከፊት ከፊታችን እየሄዱ አጥሩ ድረስ ሸኙን። ከኋላችን ምንም ድምፅ አልመጣም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነበር።

ታምሩ ሐዋሳ ተምሮ፣ አድጎ ተመለሰና አገባኝ። ነገሩን የቤታችን ቀልድ አደረገው። ምሳ ቀርቦ ስጠራው ከወዲያኛው ክፍል ሆኖ «አልነጋም» ይለኛል። «ድምፄን እኮ ጪጩ አውሼ ነው የመጣሁት» ይላል። እኔ አልስቅም ነበር።

አናናሱን በበላን በዚያው ሳምንት፣ ሥራ ቦታው ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቆመ።

ተማሪዎቹ ለቅሶ መጡ። ሜሮን የምትባለው አስተባባሪያቸው ብዙ ከተቀመጠች በኋላ «ማዘር፣ ወሩን እርስዎ ይንገሩን» አለችኝ። «ጋሼ ሰኔ ነበር ያሉን። እርስዎም እሳቸው ያሉት ይሁን ካሉን እናደርገዋለን።»

ሰኔ በይ፣ ሰኔ በይ የሚል ነገር ውስጤ ነበር። የልጆቹን ፊት አየሁ። «ጥር አድርጉት» አልኳት።

በጥር አደረጉት፤ እኔም ሄድኩ። ግቢው ደረቅ፣ ብርሃኑ ጥርት ያለ ነበር። ከካርቶን ጥሩር የሠራ ልጅ፣ ሰማያዊ ጸጉር ያደረገች ልጅ ወዲህ ወዲያ ይላሉ። የእኛን ማሳ አስታወሱኝ። ልዩነቱ አዳራሹ ውስጥ ነው። አንዱ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ያወራል። ማንን እንደሚያናግር ጠየቅኩት። «አላውቀውም ማዘር፣ ኦንላይን ነው» አለኝ። እኛ የማናየው ሰው ሲመልስልን ከማሳው ወጣን። እነሱ ይስቃሉ፣ መልሰው ይጠሩታል። ቀናሁባቸው።

አሁን ሰኔ ነው። አባባ ጅግሶ ካረፉ ቆይተዋል፤ ማሳው የልጃቸው ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ልጃቸው «እትዬ፣ ዛሬማ ጉም ነው፤ ነገ ቢመጡ አይሻልም?» አለኝ።

«ለዚያ ነው የመጣሁት» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አይጠይቀኝም፤ በሩን ይከፍትልኛል።

ጉም በወረደ ቁጥር ከዲላ በባጃጅ ጪጩ እሄዳለሁ። ግንባሬን ዋንዛው ላይ አስደግፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ «ኩኩሉ» እላለሁ።