በወተት ጣሳ የቀሩ ክሮች

ሲስተር ውባለም አርፈዋል። ኸሽም ኤል ቂርባና ኡም ጋርጉር ካምፖች ያላችሁ፣ ኔትወርክ ተቋርጦባችሁ ያልሰማችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ፣ መርዶውን ከእኔ በመስማታችሁ አዝናለሁ። ወባው በአራት ቀን ጨረሳቸው። አምቡላንሱ ጭቃውን ፈርቶ ስለቀረ በትራክተር ተሳቢ አስተኝተን ወደ ገዳሪፍ ሆስፒታል ስንወስዳቸው መንገድ ላይ አለፉ። ለስንቷ እናት የደረሱ ሴት ለራሳቸው የሚደርስ አጡ፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

እኔ ረዳታቸው ነበርኩ። እዚህ ሱዳን፣ በቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ከድንኳን ድንኳን እየዞርን፣ ሴቶች የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ እንደሆነ፣ ካቆሙም ለምን እንዳቆሙ የሚጠይቅ ጥናት እንሠራ ነበር። የመከላከያ መርፌውን የሚፈልጉትንም እሳቸው በየሦስት ወሩ ይወጓቸው ነበር። ቤት ሲገቡ በጥያቄ አይጀምሩም። ስለ ልጆቹ ሳል፣ ስለ ውሃው ወረፋ ያወራሉ፤ ባል ካለ የደም ግፊቱን ለክተው፣ አመስግነው ይሸኙታል። እኔ ስቸኩል «ባሏ ፊት የተጠየቀች ሴት የምትመልሰው ለእሱ ነው፤ ለእኛ አይደለም» ይሉኝ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት የመርፌውን የቀጠሮ ካርዶች በሙሉ ስም፣ አሳምሬ እጽፍ ነበር። አንዷን ድንኳኗ ሳጣት ካርዱን ለአማቷ ሰጠሁ። በካምፓችን የቤተሰቡ ወረቀት ሁሉ ከራሽን ካርዱ ጋር ባንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ስለሚቀመጥ፣ ምንም ክፉ አልታየኝም። ባሏ አገኘው። ክሊኒክ እንዳትደርስ ከለከላት። ከእንግዲህ መውለድ እንደማይበጃት ሲስተር ነግረዋት ነበር፤ አምስተኛዋን ስትወልድ ደም ፈሷት ሞተች።

ሲስተር አስከሬኗን ራሳቸው አጥበው ሲመለሱ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። አልተቆጡኝም። «ስም እንድትጽፊ ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ። ለሁለት እንሸከመዋለን» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ካርዶቹን ሁሉ ያለ ስም እንደገና ገልብጠው፣ በየካርዱ ጥግ የተለያየ ቀለም ክር ሰፉበት። የትኛው ክር የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸውና የካርዱ ባለቤት ብቻ ነበሩ። ካርዶቹ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ዘንድ፣ በባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይቀመጡ ነበር። «የማታውቂውን ማንም ከአፍሽ አያወጣውም» ስላሉ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ለእኔም ቢሆን አልነገሩኝም። ዛሬ ክሮቹን ሁሉ ስለቀየርኩ ይህን መጻፌ ማንንም አይጎዳም።

ተሳቢው ላይ እጃቸውን ይዤ፣ ሴቶቹን በምን ልለያቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀጠሯቸው የደረሰ ብዙ ነበሩ፤ ጣሳውን የሚያነበው ሰው ደግሞ እየሞተ ነበር። ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። «ይመጣሉ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

በእውነትም ለቅሶው ላይ መጡ። አንገቴን አቅፈው እያለቀሱ፣ ባሎቻቸው ከወንዶቹ ጋር እንደተቀመጡ፣ በጆሮዬ ቀለም ይነግሩኝ ጀመር። አንዷ «እግዜር ያጥናሽ እህቴ። የኔ ቀይና ነጭ ነው፤ ወላሂ ቀኑ አልፎብኛል» አለችኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ካርዶቹ ሁሉ ባለቤት አገኙ። አንድ ብቻ ቀረ።

ሲስተር፣ እንዳሉት ሴቶቹ መጡ። መርፌውን አዲሷ አዋላጅ ትወጋቸዋለች፤ ክሩን እኔ እጠብቃለሁ፤ ስለዚህ አይጨነቁ፣ ይረፉ። ጥቁር ክር ያለውን ካርድ ግን የጠየቀኝ የለም። የዚያች በወሊድ የሞተችው ሴት ነው፤ ከሞተች በኋላ የሰፉላት እርስዎ ነዎት፤ እሷም አሁን እርስዎ ዘንድ ናት። ሲያገኟት፣ «ካርድሽን ለአማትሽ የሰጠችው ልጅ ይቅር በይኝ ትልሻለች» ይበሉልኝ።