እናቴ የመነኮሰች ጊዜ

ባለፈው መስከረም ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ከኦስሎ ወደብ በጀልባ ተሻግረን አንዲት ደሴት ላይ ዋልን። ደሴቲቱ ላይ የመካከለኛው ዘመን ገዳም ፍርስራሽ አለ። አስጎብኚያችን በፈራረሰው ግንብ መሐል ቆማ፣ «እዚህ የገባ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ይቆጠር ነበር፤ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ» ስትል ከኋላዬ አንዱ በሹክሹክታ ቀልድ ጣለና ሁሉም ሳቁ። ቀልዱ ክፉ አልነበረም፤ እኔም ፈገግ ብያለሁ። ግን በዳር ካለው ኪዮስክ የሚመጣው የዋፍል ኬክ ሽታ ድንገት አስጠላኝና ከሰዎቹ ተለይቼ ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ለዓለም የሞተ ሰው አይቻለሁና። እናቴ ነበረች።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ማለቂያ ላይ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ እማር ነበር። ከእናቴ ከወርቅነሽ ጋር ሞርተንሩድ፣ የሜትሮው መስመር የሚያልቅበት ሠፈር፣ ከኮሙኑ፣ ማለትም ከከተማው አስተዳደር፣ በተከራየናት ቤት እንኖራለን። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። እናቴ ሄልስፊር ካሉት ቢሮዎች አንዱን ታጸዳለች፤ ወንድምም እህትም የለኝም።

በዚያ መኸር የምንማረው ስለ መካከለኛው ዘመን ሴቶችና ስለ ገዳማት ነበር። ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች ዘመድ ዳግመኛ እንዳይድራቸው ገዳም ይገቡ ነበር፤ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ከወንድ መነኮሳት ጋር ስለኖረች ሴትም ይተረክ ነበር። የነቢያት ጾም ስለነበር ማታ ማታ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ እየበላን ይህን ሁሉ እነግራታለሁ። እሷም መብላቷን ትታ ታዳምጠኛለች። ትምህርቴ ያስደሰታት ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ሰሞን ጋሽ ታደለ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ታደለ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሞ የሚያስቀድስ ዝምተኛ ሰው። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከቤት ስወጣ እናቴን ብቻዋን የምተዋት ይመስለኝ ስለነበር አብሯት የሚሆን ሰው እፈልግላት ነበር። ሽማግሌዎቹ የመጡበትን ተናግረው ሲጨርሱ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣

«አክብራችሁኛል፤ እግዚአብሔር ያክብራችሁ። እኔ ግን ልመነኩስ ነው» አለች።

እኔም የሰማሁት ከእነሱ ጋር እኩል ነው።

ሲሄዱ ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። «እማዬ፣ ጋሽ ታደለን ለመሸሽ ነው?»

«እሱ ምን ያሸሻል? ደግ ሰው ነው።»

«ታዲያ ከምንድን ነው የምትሸሺው?»

ስኒዎቹን እያለቀለቀች፣ «ሰው ሲያገባ ከምን ሸሽተሽ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም» አለችኝ። ከዚያ ውኃውን ዘጋችና ዞራ አየችኝ። «የሥጋ ነገር ያለቀልኝ እንዳይመስልሽ። ገና አርባ አራቴ ነው። ዛሬም አባትሽ አጠገቤ እንዲተኛ እፈልጋለሁ። የሞተ ነገርማ ለእግዚአብሔር ምን ብዬ እሰጣለሁ?»

እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራኝ አታውቅም። ፊቴ ጋለ።

«በአሥራ አምስት ዓመቴ ለአባትሽ ሰጡኝ። ወደድኩት፤ ግን የጠየቀኝ የለም። ስደቱንም የመረጠው እሱ ነው። ይህንን ግን እኔ መረጥኩ።»

«እኔስ?»

«አንቺማ አድገሻል።»

«ኔይ» አልኳት በኖርዌጂኛ፤ አይደለም ማለቴ ነው። «ኔይ፣ አላደግኩም።»

ገና ካለፈ በኋላ ከአገር ቤት የመጡ አንድ አበምኔት ሥርዓቱን ፈጸሙላት። የኖርዌጂያኖቹን ቤተ ክርስቲያን እየተከራየን ነበር የምንገለገለው፤ ጠዋት ነው፣ ከመስኮቱ ውጪ በረዶ ይጥላል። እናቴ ወለሉ ላይ ተጋደመች። እንደ አስከሬን በነጭ ሸፈኗት። ከዚያ ፍትሐት ጀመሩ፤ አባቴ የሞተ ቀን የሰማሁት ያው የሙታን ጸሎት። እንደሚደረግ ነግራኝ ነበር፤ መስማትና ማየት ግን አንድ አይደለም። ጮኼ አለቀስኩ። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ተይ ልጄ፣ ዛሬ ሰርጓ ነው» አሉኝ። ሰርግም ሆነ ቀብር፣ እኔ ግን ብቻዬን ቀረሁ።

ስትነሳ ቆብ ጫኑላት፤ ስሟም ተለወጠ። ሰው ሁሉ ሊሳለማት ተሰለፈ። ተራዬ ሲደርስ ሴትዮዋ፣ «እማሆይ በያቸው እንጂ» ብለው ጎሸም አደረጉኝ። ኦስሎ ላደግን ልጆች «እርስዎ» ማለት ምላስ ያስራል፤ ለእናቴማ ብዬ አላውቅም።

«እማሆይ... እንዴት ነዎት?» አልኩ።

«ደኅና ነኝ» አለች። «አንቺ ቁርስ በልተሻል?»

ከጥምቀት በኋላ ጎጃም ወዳለ የሴቶች ገዳም ሄደች። ቤቱ ሰፋብኝ። የክረምት ቡትስ ጫማዋ በር ሥር እንደተቀመጠ ወሩ አለቀ፤ ማንሳት አቃተኝ። በዚያ ክረምት ብዙ ጊዜ የጋሽ ታደለን አውቶቡስ ተሳፍሬ ከፊት ወንበር እቀመጥና መውረጃዬን እያየሁ አልፈዋለሁ። ፕሪንስዳል የሚባል ሠፈር ደርሰን፣ መንገደኛው ሁሉ ወርዶ፣ መስታወቱን በረዶ ሲመታው ሁለታችን ብቻ እንሄዳለን።

«እማሆይ ደወሉ?» ይለኛል አንዳንዴ።

«አዎ፣ ደኅና ናቸው» እለዋለሁ። ባትደውልም እንዲሁ ነበር የምለው። እሱም ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ኋላ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት ልጠይቃት ገዳም ሄድኩ። ለእንግዳ ሁሉ እንደሚደረገው ውኃ በሳህን ይዛ መጣችና እግሬን አጠበችኝ። አቅፋኝ ታለቅሳለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን አጎንብሳ፣ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቆጥራኝ፣ ቀስ ብላ አጠበችኝ። ፊቷ ጠቁሮ ከስቷል፤ እንደዚያ ያረፈ ፊት ግን ኦስሎ ሳለን አይቼባት አላውቅም። ያንን ፊት ሳይ ልወቅሳት አስቤ የመጣሁት ሁሉ ጠፋኝ።

ዛሬ ዕድሜዬ ያኔ ወደነበረችበት ተጠግቷል። ትክክል ነበረች? ይመስለኛል። የእሷ ትክክል መሆን ግን የእኔን ብቸኝነት ቅንጣት አልቀነሰውም፤ ሁለቱም እውነት መሆናቸውን ለመቀበል ዕድሜ ፈጀብኝ። እናቴ በሕይወት አለች። የገዳሙ ስልክ መስመር ያገኘ ቀን ድምፅዋን እሰማለሁ። ለሞተችው ካለቀስኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ፤ ያለችዋ ግን እስከ ዛሬ ትናፍቀኛለች።