ሳይቀመስ የቀረበልኝ ጠላ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ደግሞ ጥርጣሬን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁ ሰው ነኝ። የባሌ የፊት ሚስት ከቡሬ ገጠር ደውላ፣ «ትምህርት ሲዘጋ ልጅሽ እኛ ዘንድ ትሰንብት፤ ከወንድሟ ጋር ትተዋወቅ» ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ባሌ «መልካም ሴት ናት» አለኝ። መልካም ከሆነች ለምን ፈታሃት? አልሁ በሆዴ።

ልጄን ይዤ ከፍኖተ ሰላም ተነሳሁ፤ ቤቱን አይቼ ካልወደድሁት ይዣት ልመለስ ቆርጫለሁ። ቡሬ ስንደርስ ባጃጅ ያዝን፣ ጭቃው ሲበረታ በእግር ሄድን። ሴትዮዋ እጥፍ ብላ ሳመችን። ልጄና ወንድሟ ወዲያው ወደ ጓሮ ሮጡ። እኔ ዓይኔን ከማድጋው እስከ ጣሪያው አዞርሁ፤ የሚነቀፍ ነገር ባጣሁ ጊዜ ይሄም ራሱ አጠራጠረኝ።

ጠላ ቀዳችልኝ። ጥቁር ነው፣ ጠርቷል፣ የወይራ ጢስ ይሸታል። በእኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። እሷ ግን ጣሳውን ሳትቀምስ ሰጠችኝ።

«ምነው፣ ቀምሰው አይሰጡኝም?»

«ይቅር በይኝ እታለም። ይኸ ልጅ ታሞ ሳለ፣ ከማርሽልኝ ጠላ በአፌ አይገባም ብየ ለማርያም ተስያለሁ። የሚቀምስልኝ ጎረቤት ነበር፤ ዛሬ ሁሉም እርሻ ወርዷል።»

ስለት ለሰበብ ይመቻል። ጣሳውን መደቡ ላይ አስቀምጬ ልጄን ልጠራ ተነሳሁ።

«ልጅቱንም ይዘሻት ልትሄጅ ነው?» አለች።

ጣሳውን አነሳችና መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። ዓይኗ በበሩ በኩል ልጇን ይፈልጋል። ስለቱን ብታፈርስ ልጇ ላይ የሚመጣውን እየፈራች ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት በማስመሰል አይመጣም፤ እናት ነኝና አውቀዋለሁ። መዳፏ ከንፈሯ ሊደርስ ሲል ደነገጥሁና እጇን ለቀም አደረግሁት። ጠላው ቀሚሳችን ላይ ፈሰሰ።

አፍሬ ጣሳው ውስጥ የቀረውን ተቀብዬ ጠጣሁ።

«እንዴት ነው?» አለችኝ፣ አፍ አፌን እያየች።

መዋሸት አልሆነልኝም። «ጌሾው በዝቶበታል፤ ይመራል።»

ትቀየማለች ብዬ ስጠብቅ እፎይ አለች። «ከተሳልሁ ወዲህ የጠጣ ሁሉ ማር ነው ይለኛል። አንድ ቀንም አምኛቸው አላውቅም።»

እንግዲህ ከእኔ የባሰች ተጠራጣሪ ናት። የሚጠረጥር ሰው ደግሞ ልጅ ይጠብቃል። ልጄን እዚያው ትቻት ብቻዬን ወደ ቡሬ ተመለስሁ።