ጥፍሬ አልደረቀም

ሴት ልጅ ብቻዋን መኖሯን ማወቅ የፈለገ ቀኝ እጇን ይይ። ግራ እጇን በቀኟ ስለምትቀባ ጥፍሯ ያምራል። ቀኙ ላይ ነው ጉዱ! ግራ እጅ ብሩሽ መያዝ አያውቅበትም፤ ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳው ላይ ይዝረከረካል። የአበልጄ የኤኔሮሊሳ ቀኝ እጅ እናቷ ከሞቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እኔ ዮካስታ ነኝ፣ ከመንገዱ ማዶ ነው የምኖረው፤ ልጄን ክርስትና ያነሳችልኝ እሷ ናት። ስለዚህ ስለ እሷ ባወራ ማንም ምን አገባሽ አይለኝም። ቢልም ጉዳዬ አይደለም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት የልብስ ፋብሪካው ሲለቀን ኤኔሮሊሳና ታናሽ እህቷ ኒድያ በእናታቸው በረንዳ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጡና አንዷ የአንዷን ጥፍር ትቀባለች። እናታቸው ዶኛ ቴልማ፣ ወይዘሮ ቴልማ እንደማለት ነው፣ በሚወዛወዘው ወንበር ላይ ሆነው የተጠበሰ ሙዝ ያጎርሷቸዋል፤ እጃቸው እርጥብ ነዋ! "አፍ ክፈቱ፣ እናንት ወይዛዝርት!" ይሉ ነበር። እኔም ሳልቀባ አፌን እከፍት ነበር፣ ለሙዙ ብዬ።

ዶኛ ቴልማ አንድ አባባል ነበራቸው። የማይፈልጉት ሰው የብረት በሩን ሲያንኳኳ፣ ሎተሪ ሻጭም ይሁን ሐሜተኛ ጎረቤት፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ "ጥፍሬ አልደረቀም!" ብለው ይጮሃሉ። ጥፍራቸው ከተቀባ ስንት ጊዜው! በዚያ ቤት "ጥፍሬ አልደረቀም" ማለት "ዓይንህን አልይ፣ ሂድልኝ" ማለት ነው። ሰፈሩም ለምዶት ነበር። አንዴ ኒድያ ለጋብቻ የሚያስቸግራትን ሰውዬ በዚሁ ቃል ብትመልሰው፣ እውነት መስሎት እስኪደርቅ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ሞኝ! እኛ በውስጥ በሳቅ ልንሞት።

ከዚያ ዶኛ ቴልማ አረፉ። በእኛ ከተማ በሳን ፔድሮ ለሞተ ሰው ዘጠኝ ቀን ይጸለያል፤ በእነዚያ ቀናት ቀይ ነገር ነውር ነው። ኒድያ ግን አሥሩም ጥፍሯ ደም የመሰለ ቀይ ሆኖ መጣች። ኤኔሮሊሳ አላስቻላትም። ሰው ሁሉ መቁጠሪያውን እንደያዘ፣ "ኒድያ፣ እናታችን ሞታ ነው ወይስ አንቺ ልትዳሪ ነው?" አለቻት።  ኒድያ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። ቤቷ ያው ታች መንደር ነው፤ ግን ለዓመታት አንዷ ለጠዋቱ ቅዳሴ ስትሄድ ሌላዋ ለማታው እየሄደች ተላለፉ።

ኤኔሮሊሳ ቅዳሜ ቅዳሜ መቀባቷን አልተወችም። አሁን ግን ቶሎ ማድረቅ ሆነ ሥራዋ። ያልሞከረችው ነገር የለም፤ ቀለሙን ስስ አድርጋ ሁለት ጊዜ መደረብ፣ ማራገቢያው ፊት እጅ መዘርጋት፣ በረዶ የገባበት ውሃ ውስጥ ጣት መንከር፣ በላዩ የዘይት ጠብታ ማፍሰስ።

"አበልጄ፣ ምን ያጣድፍሻል? ሠርግ አለብሽ?" አልኳት አንድ ቀን።

"ሳቂ አንቺ! ባልና ልጅ አለሽ። እኔ ድስቱ ቢያር ማን ያወርድልኛል? አፍንጫዬን ቢበላኝ ማን ያክልኛል? ጥፍሬ እስኪደርቅ እኮ እስረኛ ነኝ።"

በረንዳዋ ላይ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ከየት መጥቶ! ጥፍሯ ይደርቃል፣ ከዚያ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መንገዱን ታያለች። ማንም አይመጣም። አንጀቴን ትበላኝ ነበር።

ባለፈው ዶኛ ቴልማን ሲያስታምሙ የነበሩት አሮጊት አክስታቸው እኔም ባለሁበት ኤኔሮሊሳን ሊጠይቁ መጡና በጨዋታ መሐል አንድ ነገር አመለጣቸው። ያንን ቀይ ቀለም ኒድያ አልተቀባችውም። እናታቸው ናቸው፣ ሊሞቱ ሰሞን፣ አልጋ ላይ ሆነው፣ እየተንቀጠቀጡ የቀቧት። "ልታጠፋው አሴቶኑን አንስታ ጥጥ ነክራ ነበር፤ አልቻለችም፣ አለቀሰች" አሉ አክስትየው።  እሳቸው ሲሄዱ ኤኔሮሊሳ ወደ እኔ ዞራ፣ "ሂጂልኝ አበልጄ። ቅዳሜ ትምጣ በያት። እግሯ ላይ እወድቃለሁ" አለች።

ሄድኩ። ኒድያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ልብስ እያሰጣች ሰማችኝ። "አያለሁ" አለች። ከእሷ አፍ ይህም ብዙ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ኤኔሮሊሳ ያንኑ ቀይ ቀለም ገዝታ መቀባት ጀመረች፤ ኒድያ በሩ ሲከፈትላት ቀዩን እንድታይና ሳይነገራት እንድትረዳ። መብራት ግን ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ማራገቢያው ቆሟል፤ ፍሪጁ ውስጥ የነበረው በረዶ ውሃ ሆኗል። ሙቀቱ ደግሞ ያ ከባሕሩ የሚመጣው እርጥብ ሙቀት፣ እንኳን ቀለም ልብስም አያደርቅ። ኒድያም ያሰብነው ሰዓት ሳይደርስ ከች አለች። እኔ ከማዶ ሆኜ አየኋት፤ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ የብረት በሩን በጣቷ ኳ ኳ አደረገች።

ከውስጥ የኤኔሮሊሳ ድምፅ ወጣ። የደስታ ድምፅ ነው፣ እምላለሁ!

"ጥፍሬ አልደረቀም!"

ክው አልኩ። ኒድያ እጇን ከብረቱ ላይ አነሳች። "እሺ" ስትል ከማዶ ከንፈሯን አየሁ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። "ኒድያ! ኧረ ቁሚ! እውነቷን ነው!" ብዬ ነጠላ ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ። በመንገዱ የሚያልፍ የኪራይ ሞተር ላይ ወጥታ ሄደች፤ ዘወር ብላም አላየችኝ።

ኤኔሮሊሳ ቁልፉን ይዛ ወጣች። ቀለሙ ተጨማልቆ፣ የበሩ ቁልፍ ሁሉ ቀይ ሆኗል። "የታለች?"

"ምን ብለሽ ነው የጮህሽባት አንቺ ሴትዮ?"

"ምን አልኩ? ጥፍሬ አል..." አለችና የገዛ ቃሏ ጆሮዋ ገባ። በሩ ሥር እንዳለች ቁጭ አለች። ብጎትታት አልነሳ አለች።

ሳምንቱን ሙሉ በሯን አልከፈተችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከሱቅ በረዶ ገዝታ፣ ጎድጓዳ ሳህን ሞልታ፣ ፎጣ ሸፍና መንገድ ላይ አገኘኋት። ጥፍሯን አልተቀባችም። "ነይ ጃንጥላ ያዢልኝ፣ ሳይቀልጥ" አለችኝ። ምንም ሳልጠይቅ ተከተልኳት።

ማንጎው ዛፍ ሥር ዶሚኖ የሚጫወቱት ወንዶች፣ "ኤኔሮሊሳ፣ በረዶው ይኸው፣ ቢራውስ?" ብለው ተሳለቁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ ልካቸውን ትነግራቸው ነበር። አሁን አልሰማቻቸውም። ውሃው ከሳህኑ እየተንጠባጠበ ቀሚሷን ያርሳል፤ እሷ ትሮጣለች።

የኒድያን በር አንኳኳች።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

 ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ከዚያ የኒድያ ድምፅ መጣ፣ ደረቅ ያለ፤

"ጥፍሬ አልደረቀም።"

ደሜ ፈላ! ጃንጥላውን በሩ ላይ ልሰብረው ነበር። ኤኔሮሊሳ ግን በክርኗ ገፋ አደረገችኝና፣ "አውቃለሁ እህቴ። በረዶ ይዤልሽ መጥቻለሁ" አለች።

 ቆምን። በረዶው እየቀለጠ፣ እየተንሳፈፈ፣ ሳህኑን ቅጭል ቅጭል ያደርጋል። እንሂድ ልላት አፌን ስከፍት የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ። በሩ አልተከፈተም። በበሩ የብረት ፍርግርግ መሐል አንድ እጅ ብቻ ወጣ፤ ቀኝ እጅ። ቀይ ነው፣ ገና ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳው ላይ ተዝረክርኳል። ለካ አልደረቀም ያለችው የእውነቷን ነው።

ኤኔሮሊሳ ጣቶቹን ይዛ በረዶው ውስጥ ከተተቻቸው። "ማነው እንዲህ አበላሽቶ የቀባሽ?" አለቻት።

"ማን አለኝና?" አለች ኒድያ፣ ከብረቱ ወዲያ።