የነብሩ ብርድ ልብስ

ውበትን የሚያይ ሰው ያየውን አይመኝም፤ ዓይኑን አጥግቦ ይሄዳል ይላሉ። ውሸት ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ፣ አንድ የሥዕል አዳራሽ ውስጥ የመንዝ ባና ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁ። ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ልብስ ሽቶ ረጭተውበታል። ከኋላው አምፖል አብርተው ቀዳዳዎቹን እንደ ከዋክብት ያሳያሉ። የወይን ብርጭቆ የጨበጡ ሰዎች "ዋው!" ይላሉ።

የአያቴ ባና ጭስና እርጥብ በግ ይሸት ነበር። እኛ አገር ባና ሲገዛ ወደ ፀሐይ ይዘረጋል፤ ብርሃን ካሳለፈ ለሻጩ ይመለሳል።

ሥነ ውበትን መጀመሪያ ያስተማረን የትምህርት ቤታችን የሥዕል ክበብ መምህር ነው። "ውበት ማለት ጥቅሙን ረስተን፣ ሳንመኝ የምናየው ነው" ይለን ነበር። አንድ የኅዳር ቀን ቤታችን መጣ። አያቴ ደረታቸውን ታመው፣ ባናቸውን ተከናንበው ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ይሄ እኮ ጥበብ ነው!" አለ ጠርዙን እየዳበሰ። "ዝም ብሎ ሊታይ የሚገባው!"

"ዝም ብለህ ስታየው ይሞቅሃል?" አሉት።

ሳቀ። ከዚያ ያችን ቃል አወጣት፤ "በጣም አማረኝ።"

ያምራል ቢል ኖሮ "ተመስገን" ብለው ባለፉት። አማረኝ ግን የሆድ ቃል ነው፤ ሥጋ አማረኝ፣ ጠላ አማረኝ እንደሚባለው። በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ አማረኝ ያለውን መከልከል ነውር ነበር። አያቴ ባናውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"አባ፣ ኧረ ብርዱ!" አለች እናቴ።

"ዝም በይ! እንግዳ አምሮቱን ይዞ ይውጣ?"

መምህሩ ለይሉኝታ እንኳ "አይሆንም" አላለም። አጣጥፎ በብብቱ ያዘው። በማግስቱ ነብር የታተመበት የፋብሪካ ብርድ ልብስ ላከ።

ነብሩ ጥርሱን አግጦ አያቴ ደረት ላይ ተጋደመ። አዲስ ላስቲክ ይሸታል፤ እስከ ዛሬ ያ ሽታ ያንገሸግሸኛል። "ነብር ለብሼ በረደኝ እኮ!" እያሉ ይስቁ ነበር። ሳቁ መሀል ላይ ሳል ይሆንባቸዋል። ጥምቀትን አላዩም።

ብርዱ ገደላቸው አልልም፤ ሕመሙ ቀድሞም ነበረባቸው። በርዷቸው መሞታቸውን ግን አይቻለሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሳያየኝ ተጠግቼ ባናውን አሸተትኩት። የእሳቸው ይሁን የሌላ ሰው አላወቅሁም። ሽቶው አላስለይ አለኝ።

አንባቢዬ፣ እዚያ ከገባህ አታድንቅልኝ። አምፖሉን አጥፋ። ባናውን አውርደህ ለበረደው ሰው አልብስልኝ።