ሁለት ነጭ አንሶላ

ሰፈሩ «ካውያ» ይላታል። ልብስ ተኩሳ ስለምታድር ብቻ አይደለም፤ ነገር ሲከነክናት ምላሷም ያቃጥላል። ግቢው በር ላይ፣ አንዲት ጠረጴዛ ብቻዋን በምትሞላት ክፍል ውስጥ፣ የሰው ኮሌታ ስታቃና ፀጉሯ ሸበተ። ሸሚዝ ይዞ የመጣ ሁሉ ወሬውንም ይዞ ይመጣልና፣ ስለ ጎረቤቶቿ የማታውቀው ነገር የለም። ባላውቀው በወደድኩ የምትለው ግን ብዙ ነው።

ከጎኗ ያለችው ክፍል የጋሼ ቦቴ ነበረች። ቦቴ ያሰኘው የሚሠራበት መኪና ነው፤ መጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ መጥቶ የሚመጠው፣ ያ ባለ ወፍራም ቱቦ። ከሥራ ሲመለስ ቱታውንና የላስቲክ ጫማውን ደጅ ካለው ሳጥን ውስጥ ቆልፎ፣ በሁለት ዓይነት ሳሙና ተፈትጎ ነው ቤቱ የሚገባው። ቤቱም ቢሆን መስታወት ነው። የግቢው ሰው ግን እሱ ባለፈ ቁጥር አፍንጫውን ይይዛል። በሱ ብርጭቆ ውኃ የምትጠጣ ካውያ ብቻ ነበረች።

«ካውያዬ፣» ይላት ነበር፣ «እዚያ ሻንጣ ውስጥ ሁለት ነጭ አንሶላ አለ። አንድ ቀን አልተኛሁበትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ቆሻሻ ሳግዝ ኖርኩ፤ ስሄድ እንኳ በንጹሕ ጠቅልለሽ ሸኚኝ።»

«ኤዲያ! አንተ ጋሼ ደግሞ፣ እኔን ቀብረህ ነው የምትሄደው!»

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ አረፈ። ወንድም የለው፣ ልጅ የለው፤ ማን ይፈርም ሲባል ካውያ ፈረመች። አስከሬኑ የሚወጣው ነገ ማለዳ ስለሆነ የሚጠቀለልበትን ይዘሽ ነይ አሏት።

ግቢ ስትደርስ የሟቹ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ጡረተኛ ጎረቤት የሟቹን ሬዲዮ ብብቱ ሥር ወሽቆ ሲወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«ነፍሱን ይማረው» አለ ባርኔጣውን እያነሳ። «መታሰቢያ ትሁነኝ ብዬ ነው።»

«ምኑን ሊያስታውሱበት ነው አባባ? በቁሙ ሰላም እንኳ ብለውት አያውቁ!»

«ድምፁ ጥሩ ነው።» የሬዲዮውን ማለቱ ነው።

የሰውየው ሬሳ ሳይቀዘቅዝ! ገብታ ብታይ ምንጣፉ ተነሥቷል፣ ብርድ ልብሱ የለም፣ የሚጠጡባት ብርጭቆ እንኳ ሄዳለች። ሻንጣው አፉን ከፍቶ ተዘርግቷል። ደጅ ያለው የቱታ ሳጥን ግን አልተነካም፤ እሱን ማን ይድፈር!

«አንሶላዎቹስ?» ብላ ጮኸች።

«እኔ አንሶላ አልነካሁም» አለ ጡረተኛው ከሩቅ። «ፎቅ ላይ ያለችውን ወይዘሮ ጠይቂ።»

ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። ወይዘሮዋ ከነጫማዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ሱፍ ትፈለፍላለች፤ ቅርፊቱን እንትፍ የምትለው እዚያው፣ ከሥሯ በተነጠፈው ነጭ አንሶላ ላይ ነው። ሁለተኛው አንሶላ እግሯ ሥር ተጠቅልሏል።

«አንሶላውን ይስጡኝ እትዬ። ሰውየው የሚጠቀለልበት ነው።»

«የምን አንሶላ? የራሴ ነው። ደሞስ ይሄን የመሰለ ጥጥ ለአፈር? ለሱ ጆንያ መች አነሰው! ስንት ዓመት አፍንጫችንን አስይዞን!»

የካውያ አንጀት ቅጥል አለ። የሚያቃጥለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ስድብ ይህችን ሴት ከአልጋ አያስነሳትም። ከዚያ በዕድሜዋ ዋሽታው የማታውቀውን ውሸት ዋሸች። አንሶላውን ትክ ብላ አየችና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ አፍንጫዋን ያዘች።

«እሺ፣ ይተኙበት። እኔ ለእርስዎ ብዬ ነው እንጂ! ያንን ቱታውን በምን ሲጠቀልል የኖረ ይመስልዎታል?»

የወይዘሮዋ መንጋጋ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ቱቦው ሲፈነዳም በሱ ነበር የሚጠርገው።»

«ውይ በሞትኩት!» ወይዘሮዋ ከአልጋው ተስፈንጥራ ወረደች። በሁለት ጣቷ ጫፍ ጎትታ፣ ሁለቱንም አንሶላ በመስኮት ወረወረቻቸው።

«የራስዎ አይደለም እንዴ እትዬ?» አለች ካውያ። ወይዘሮዋ ግን ቧንቧ ከፍታ እጇን ስትፈትግ ይሰማል።

ካውያ ወርዳ አንሶላዎቹን ከመሬት አነሣች። ጠርዛቸው ገና ሳሙና ሳሙና ይሸታል። መሐሉ ላይ ግን የጫማ አሻራ፣ የፀጉር ቅባትና በምራቅ የረጠበ የሱፍ ቅርፊት ተለጥፏል። አራግፌ ልተኩሰው ብላ አሰበች፤ እጇ ግን እምቢ አላት። ፀሐይ ገና ናት፤ ሳይመሽ ይደርቃል፣ ማታ ትተኩሰዋለች፣ ማለዳ በገዛ እጇ ትጠቀልለዋለች። የጋሼ ቦቴን ሁለቱን ሳሙናዎች ከክፍሉ መስኮት ላይ አንሥታ ገንዳ አወጣች። ሳሙና የሰረቀ አልነበረም።

ጡረተኛው ሬዲዮውን ከፍቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል።

«አዲስ አንሶላ አይደለም እንዴ ካውያ? ምን ያሳጥበዋል? ሟቹ ተኝቶበት ነበር?»

«እሱ ቢሆንማ ለምን አጥበዋለሁ!» አለችና ውኃውን ደፍታ ሌላ ቀዳች።