በጭብጨባ የማይመጣ ቢራ

«ቅደደው አላልኩህም፤ ሌላ ገጽ ጻፍ ነው ያልኩህ!» አሉ ጋሼ፣ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ እየጣሉ።

«መቅደድና ሌላ መጻፍ ምን ለያቸው? ሁለቱም ያው ውሸት ነው።»

«ውሸት ጻፍ ያለህ ማን ነው? ዝናብ ደበደበህ፣ ገባህ፣ ፎጣ ተሰጠህ። ይኼ ውሸት ነው?»

«ፎጣውን መች ካድኩ?»

«ታዲያ የት አለ ፎጣው? አሳየኝ እስቲ! አራት መስመር ሙሉ ስለ ጥም። ፎጣ የሚል አንዲት ቃል የለችም።»

«ፎጣ ቤት አይመታለትማ» አለ አብሮኝ የሚኖረው የድሬዳዋ ልጅ፣ የሥራ ሸሚዙን እየተኮሰ። «ችግሩ እሱ ነው።»

እኔ አልሳቅኩም። ጋሼም አልሳቁም።

እሑድ ከቀትር በኋላ ነበር፤ ለንደን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ዳር ባለ የካውንስል ኪራይ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለታችን በምንጋራት ቤት። ጋሼ ከባቡር ወርደው በቀጥታ ነበር የመጡት፤ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም። አዲስ አበባ ሳሉ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ያን ጊዜ ግን ከለንደን በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል በምትርቅ የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ፐብ በሚሏት ትንሽ አሮጌ መጠጥ ቤት ውስጥ በርሜል ይገፋሉ፣ ብርጭቆ ያጥባሉ፣ ከላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ያድራሉ።

ጉልበቴ ላይ የጣሉት የፐቧን የእንግዶች መዝገብ ነው። የፐቧ ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት አሮጊት፣ በጋው ሲያልቅ ሠራተኛ ማሰናበት ልማዷ ነው። ዘንድሮ ግን ለጋሼ ቃል ገብታላቸዋለች፤ ከዝናብ ያስገቧቸው የለንደን እንግዶች ቤቷን ከወደዱላትና በብርዱም ወራት በአውቶቡስ የሚመጡላት ከሆነ፣ እሳቸውን ከነክፍላቸው ታቆያቸዋለች። እንግዶቹ ደግሞ አስተያየታቸውን ጽፈዋል፤ ሦስት ገጽ ሙሉ፣ በአማርኛ። በነጋታው ሰኞ ጠዋት ጋሼ አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ሊያነቡላት ቀጠሮ አላቸው።

እንግዶቹ እኛ ነን።

የሄድነው ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። ማኅበራችን በዓመት አንድ ቀን አውቶቡስ ተከራይቶ ባሕር ያሳየናል። ባሕር ለማየት የሚሄድ የእኛ ሰው መቼም ጉድ ነው። ሱፉን ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ ይሄዳል። ደርሶ ለአሥር ደቂቃ ያህል ውሃውን እንደ ተከሳሽ ቆሞ ያየዋል። ከዚያ «ይኸው ነው?» ይልና ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ፎቶ ይነሣል። እኛም እንደዚያው አድርገን ሳንጨርስ ዝናቡ ወረደ። ጋሼ ከመንገዱ ማዶ እጃቸውን እያውለበለቡ «ግቡ! ግቡ! የኔ ቤት ናት!» አሉ። አርባ ሰው ተግተልትለን ገባን።

እንደ እውነቱ ከሆነ ቤት ለማለትም ታስቸግራለች። ጣሪያዋ ረጅም ሰው ጎንበስ የሚልላት ናት። ምንጣፏ የእርጥብ ውሻና የቆየ ቢራ ሽታ ይተፋል፤ ውሻው ራሱ ከእሳቱ አጠገብ የራሱ ወንበር አለው፤ ሰው ቆሞ እሱ ተቀምጦ ያያል። ግድግዳው ላይ የመርከብ ገመድ፣ የፈረስ ጌጥ፣ ከሞቱ መቶ ዓመት ያለፋቸው የዓሣ አጥማጆች ፎቶግራፍ። ከባንኮው ሥር ሦስት ሽማግሌዎች፣ እንደ ዕቃው አብረው የተገዙ የሚመስሉ፣ ያለ ንግግር ተቀምጠዋል። ለዚህ ነው እንግሊዞቹ ከለንደን ድረስ የሚመጡት። መዝገቡ ምስክሬ ነው፤ ገጽ በገጽ አንብቤዋለሁ። አንዱ «ውብ ናት» ይላል። ቀጣዩ «በጣም ውብ ናት» ይላል። ሦስተኛው «አየሩ ባይመችም ውብ ናት»። አንዷ ደግሞ «የአያቴን ዘመን ትሸታለች» ብላ ጽፋለች፤ አመስግና መሆኑ ነው። እነዚህ ሰዎች ትልቅ ቋንቋ ወርሰው አንዲት ቃል ብቻ ይዘው ባሕር ዳር ይወርዳሉ።

ተቀመጥን። ጋሼ አዲስ በርሜል ከቧንቧው ሊያገናኙ ምድር ቤት እንደወረዱ ሥራ ይዟቸው ቀሩ። እኛም አስተናጋጅ መጠበቅ ጀመርን። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። አሮጊቷ ከባንኮው ኋላ ቆማ ብርጭቆ ትወለውላለች፤ ዓይኗ ከዓይናችን ሲገጥም ፈገግ ትላለች፤ አትመጣም። ከመካከላችን አንድ የተከበሩ ሰው፣ በጃንሆይ ጊዜ ትልቅ መሥሪያ ቤት የነበሩ፣ እጃቸውን ከፍ አድርገው ሁለት ጊዜ አጨበጨቡ። አገራችን አሳላፊ የሚጠራው እንዲህ ነው። አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ፈገግ አለች፤ አልመጣችም። ሌሎቻችንም አጨበጨብን። በየጠረጴዛው ጭብጨባው ደራ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞር አሉ፤ አሮጊቷም ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷ በርቶ፣ ከእኛ ጋር ማጨብጨብ ጀመረች።

እስከዚያ ቀን ከዚያ የከፋ ስድብ ተሰድቤ የማውቅ አልመሰለኝም።

«ዘረኝነት ነው» አለ አንዱ። «ጥቁር አይታ ነው» አለች ሌላዋ። ሰዉ ተስፋ ሲቆርጥ ከቤት የመጣውን ምግብ ከየፌስታሉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ያን ጊዜ አሮጊቷ መጣች፤ ግን ትዕዛዝ ልትቀበል አልነበረም። ሳሕንና ሹካ፣ ከዚያ ደግሞ የደረቀ ፎጣ ክምር አምጥታ አስቀምጣ ተመለሰች። በመጨረሻም መዝገቡን አምጥታ ክፍቱን አኖረችልን፣ በምልክት «ጻፉ» አለች።

ጻፍን። ማን ያነበዋል ብለን ነው የጻፍነው፤ የእኛ ሰው ፊደሉን እንደ ግንብ ይቆጥረዋል፤ ከኋላው ቆሞ የፈለገውን ይወረውራል። የተከበሩት ሰው «የጠላ ቤት ያህል እንኳ ሥርዓት የላትም» አሉ። አንዲት እናት «ለውሻው ወንበር፣ ለሰው ዝምታ» አለች፤ በዚህስ እኔም ቀንቻለሁ። አንድ ዲያቆን «አምላክ ይቅር ይበላቸው» ብሎ ፈረመ። እኔ አንድ ሙሉ ገጽ ወሰድኩ፦

ባሕሩ ከደጃፉ፣ ውሃው እስከ ጉልበት፣
እንግዳው ደረቀ በአሮጊቷ ቤት፤
ብርጭቆ ወልውላ፣ ደርድራ በመስኮት፣
ጥም ነው የቀዳችው አርባ ሰው ሲመጣት።

አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። እስከ ለንደን፣ እስከ ዋይት ሲቲ ድረስ እየተሳቀ ተሄደ። ያን ቀን ገጣሚ ሆንኩ ብዬ አምኛለሁ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ የድሬዳዋው ልጅ፣ ካውያውን አቁሞ። ታሪኩን ከእኔና ከጋሼ ክርክር ሲቃርም ነበር። «ፐብ ውስጥ ተቀምጣችሁ አጨበጨባችሁ?»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«ተነሥተህ ባንኮ ሄደህ ታዛለሃ! እኔ ጠጥቼ የማላውቀው አውቃለሁ። የታክሲ ደንበኞቼን ስጠብቅ በመስኮት የማየው እሱን ነው። ለንደን ከገባህ ስንት ዓመትህ?»

«ሦስት።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ እንግሊዝ ትጽፋለህ፤ አንድ ቀን ፐብ አልገባህም?»

ካምደን ሰፈር ውስጥ በየፐቡ ደጅ አልፌያለሁ፤ ከውጭ ሆኜ በደንብ ንቄያቸዋለሁ፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

ጋሼ ከሶፋው ጫፍ ተቀመጡ። «ስማኝ፣ አንተ ልጅ። ሌሎቹን ተዋቸው። የእነሱ አንድ አንድ መስመር ናት፤ 'ዝናብ ነበር፣ ደክሟቸው ነበር' ብዬ አልፋታለሁ። ያንተ ግን ገጽ ሙሉ ናት። ሴትዮዋ መዝገቡን በከፈተች ቁጥር የምታየው ያንተን ነው። ጽሕፈቱ አምሯት፣ ለሚገባ ሁሉ 'ይህን የጻፈው ወጣት ገጣሚ ነው' ትላለች። ከሁሉ አስቀድማ የምታስነብበኝ እሱን ነው።»

«እርስዎ ነዎት ገጣሚ ነው ያሏት?»

«እኔ ነኝ። ኮርቼብህ።»

እዚህ ላይ የሰው ልብ ያለው ሰው እስክሪብቶ ያነሣ ነበር። እኔ ግን ስለ ጥበብ ማስተማር ጀመርኩ። ግጥም እንደ ማመልከቻ ቅጽ እየታየ የሚሞላ አይደለም አልኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ነው የጻፍኩት አልኩ። ቀልብ የሚባል ነገር አለ አልኩ። የድሬዳዋው ልጅ በካውያው እንፋሎት ጀርባ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ሰቀለ።

«ቀልብህ ይቆይህና» አሉ ጋሼ፣ «ያን ሳሕን አስታውሰው። በዚህ አገር ሰው ቤት ገብቶ የራስን ምግብ መዘርጋት ነውር ነው። ሌላው ቢሆን ያስወጣችሁ ነበር። እሷ ሳሕን አመጣች።»

«አላወቅንም።»

«አላወቅንም ብለህ ጻፋ! እሱ ነው እውነቱ! እኔ ለብርዱ ወራት ሌላ ቦታ አፕላይ አድርጌ ነበር፤ ዕድሜዎ አለፈ ተባልኩ። ከመስከረም በኋላ የት እንደምተኛ አላውቅም። ለምንድን ነው እንዲህ የከበደህ?»

«እሺ ራስዎ በእንግሊዝኛ አሳምረው ያንብቡላት። ማን ያውቃል?»

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ተማሪ ያስተማረ ሰው አተያይ ነበር፤ ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ እርሳሱን ያስቀምጥ ነበር።

«አንተ እውነቱን ጽፈህ ትኮራለህ፤ ውሸቱን ግን እኔ እንዳነበው ትፈልጋለህ» አሉ።

የድሬዳዋው ልጅ ካውያውን ከሶኬት ነቀለ።

ጋሼ መዝገቡን ከጉልበቴ ላይ አነሡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ገጼን ገለጡ፤ ከዚያ በቀስታ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደሚነበብ፣ በእንግሊዝኛ ማንበብ ጀመሩ። ምንም አልጨመሩም፤ ምንም አልቀነሱም። ባሕሩ በሩ ላይ ነው። ውሃው ጉልበት ድረስ ይደርሳል። እንግዳው አሮጊቷ ቤት ውስጥ ደረቀ። አሮጊቷ ብርጭቆ ወልውላ መስኮት ላይ ደርድራለች። አርባ ሰው መጣ፤ ጥም ቀዳችላቸው።

ቤቱ አይመታም። ምቱ የለም። የአውቶቡሱ ሳቅ የለም። ከዚያ ሁሉ ኩራቴ የቀረው፣ አርባ ሰው ተቀምጦ አንድም ሰው ተነሥቶ ለመጠየቅ እንዳልደፈረ የሚናገር የልጅ ክስ ነበር። አንድ ሙሉ ገጽ የፈጀሁት ለዚህች ክስ ኖሯል።

«'ለምን አላዘዙም?' ብላ ትጠይቀኛለች» አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ምን ልበላት?»

«ጭብጨባውን ይንገሯት» አለ የድሬዳዋው ልጅ፣ አሁን ሳይቀልድ።

«እነግራታለሁ። እንዳለ አነባለሁ፤ ጭብጨባውንም እነግራታለሁ፤ እኔም ምድር ቤት መቅረቴን እነግራታለሁ። የምታባርረኝ ከሆነ የሆነውን ሁሉ ሰምታ ታባርረኝ።»

መዝገቡን በፌስታል ጠቅልለው ብብታቸው ሥር አደረጉ። ያን ጊዜ ብቻ ነው አፌ የተፈታው።

«ጋሼ፣ ይስጡኝ። የፎጣውን እጽፋለሁ። የሳሕኑንም።»

«አይሆንም።»

«አሁን ልጽፍ ነው እኮ የምልዎት። እውነቴን ነው።»

«አሁን የምትጽፈው ለእኔ አዝነህ ነው። ስለ እሷ ያሰብከው እዚህ አለ» አሉና ፌስታሉን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ባቡሬ እንዳያመልጠኝ።»

የድሬዳዋው ልጅ ተከትሏቸው ሊሸኝ ተነሣ፤ በእጃቸው አስቀሩት። ለእኔ እጃቸውንም አልሰጡኝም። የኮታቸውን አንገት አቀኑ፣ ኮሪደሩን ሄዱ፣ ከኋላቸው በሩን ዘጉት።